በቫሶ ስም የተቀዳ ደም

መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር የለቅሶ ቤቱ ስኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። ቀኑ ሣልስት ነው። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ገና ከበሩ ሳይርቁ፣ ኮስማስ የሟች ልጁን አልጋ ግቢ አውጥቶ ይፈልጠው ጀመር። ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ስኳር የሌለው ቡናቸውን እንደያዙ ተያዩ። ማንም "ተው" አላለውም። የስድስት ዓመት ልጁን ቀብሮ መጥረቢያ የጨበጠን አባት ተው የሚል ሰው በዚያ መንደር ገና አልተወለደም።

የልጅቱ አያት፣ የኮስማስ አማት ፓጎና ጥግ ላይ ተቀምጣ ምቱን ትቆጥራለች። አልጋውን ኮስማስ ራሱ ነበር የሠራው። ልጅቱ ማሮ እግሯን ሲያማት ያለ ሰው እርዳታ እንድትወርድ ብሎ ዝቅ አደረገላት፤ ራስጌው ላይ ደግሞ እንቁራሪት ቀረጸላት። ወፍ ልቅረጽልሽ ቢላት "ወፍማ ሁሉም ቤት አለ" ብላ አፍንጫዋን ነፋች። እንቁራሪት ያስወደደቻት ፓጎና ናት። ከመንደሩ በታች ያለው ሜዳ ደርቆ የጥጥ እርሻ ሳይሆን በፊት ሐይቅ እንደነበር፣ እንቁራሪቶቹ ጆሮ ያደነቁሩ እንደነበር፣ ወባውም ሰዉን ይፈጀው እንደነበር ስታጫውታት ነው ያደገችው።

"አልጋው ምን በደለው?" አለች ስታማታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ስታማታ የፓጎና ታናሽ ልጅ የክሪሱላ የወደፊት አማት ናት፤ ሠርጉ ለመስከረም ተቆርጧል። "የሚፈለጥስ ሌላ ነበር።"

"ስታማታ፣ ያለሽው ለቅሶ ቤት ነው" አለቻት ፓጎና።

"እኔ ምን አልኩ? ሐኪሙ ያለውን ነው አገር የሚያወራው።"

እውነቷን ነው፤ አገር እያወራ ነበር። ማሮን ለዓመታት ቁርጥማት ነው እያሉ ሲቀቧትና ሲያሿት ኖሩ። በመጨረሻው ሳምንት ከተማ ሆስፒታል ስትገባ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ደሟን በማይክሮስኮፕ ቢያየው እንደ ማጭድ የጎበጠ ሆኖ አገኘው። ያኔ ጊዜው አልፏል። ሬሳዋን ሲያስረክብ ኮስማስን "ይህ ደም ከአባትም ከእናትም ካልተወረሰ ልጅ አይገድልም" አለው። ኮስማስ ይህችን ቃል ከሬሳው ጋር ተሸክሞ ቤቱ ገባ። እሱ ባለ ቢጫ ወረቀት እንደሆነ ያውቃል። ሚስቱ ቫሶ ግን ባለ ነጭ ናት። ታዲያ ሌላኛው ማን ነው?

ወረቀቶቹ የመጡት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የደም ተመራማሪዎች ከአቴና ተነሥተው፣ ብልቃጥና በረዶ የሞላ ሣጥን ጭነው፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጉ። ከሕፃናት በቀር የሰዉን ሁሉ ደም ቀድተው ሄዱና ከወር በኋላ ወረቀት ላኩ። ደሙ ውስጥ ማጭዱ ያለበት ቢጫ፣ የሌለበት ነጭ። ቢጫ የያዘ ሰው ራሱ በሽተኛ አይደለም፤ ብቻ ቢጫ ከቢጫ አይጋባ፣ አሉ። መንደሩ የመጀመሪያውን ቃል ጣለና ሁለተኛውን ያዘ። ባለ ቢጫ ልጃገረድ የነካችውን ብርጭቆ ያጠቡ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ኮስማስ ስትራቲስን አገኘው። ስትራቲስ የጥጥ መዳመጫው መካኒክ ነው፤ ማሮ ሕመሙ ሲነሣባት በጭነት መኪናው ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት እሱ ነበር። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ይኸውና ቢጫ ወረቀቱ። ለቅሶ ሊደርስ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ሲቆም፣ ኮስማስ የትራክተሩን ማስነሻ ብረት፣ ማኖቬላውን አንሥቶ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት።

"ልጄን ነበር የምታመላልሰው ወይስ ልጅህን?"

ስትራቲስ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ጥርስና ደም ብቻ ወጣ። ወድቆም አልተረፈ፤ ኮስማስ ጎኑን በጫማው እየደጋገመ ረገጠው። አራት ወንዶች ተጋግዘው ሲያላቅቁት ሁለት የጎድን አጥንቶች ተሰብረው ነበር። ፓጎና ደሙን ከደረጃው ላይ በውኃ አጠበችው። ውኃው ቀላ፣ ሳሳ፣ ጠራ። እሷ ግን እጇን ማሸት አልተወችም።

ከዚያ ወደ ቫሶ ዞረ። ከጓዳ የቡጢው ድምፅ ሲሰማ ለቀስተኞቹ ጮክ ብለው ስለ ጥጥ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

"ደሜን እዩት!" ትላለች ቫሶ። "ሆስፒታል ውሰደኝና ይዩት! ከአንተ ሌላ ወንድ አላውቅም!"

"ደምሽማ ታይቷል።" ኮስማስ ከሥዕለ ማርያሟ ጀርባ ነጩን ወረቀት መዞ ባበጠ ፊቷ ላይ ለጠፈው። "ማኅተም አለው። ማኅተም አይዋሽም። ዘጠኙ ቀን እስኪወጣ ነው የምታገሥሽ፤ እሱም ለልጄ ነፍስ ስል።"

ወጥቶ የወይን መግረዣ ቢላውን ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ቡናም ሲጠጣ፣ ለቀስተኛም ሲቀበል ቢላው ጭኑ ላይ ነበር።

ፓጎና ያን ሁሉ ዕድሜ የኖረችው በአንድ ብልኃት ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አሁን ግን ዝምታዋ ልጇን ሊያሳርድባት ነው። ብትናገር ደግሞ ክሪሱላ አለቀላት። ክሪሱላ ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን ስለነበረች አልተመረመረችም፤ ስታማታም "የእህቷ ነጭ ወረቀት ለሷም ይበቃል" ብላ ነው ለልጇ ያጨቻት። አንዷን ለማትረፍ አንዷን መጣል። እናት እንዲህ ያለውን ሒሳብ በየትኛው አንጀቷ ትሠራዋለች?

ፓጎና ሐይቁ ገና ሳይደርቅ አንድ ወንድም ነበራት። መዳፉ እያበጠ፣ ዐይኑ ቢጫ እየሆነ፣ አጥንቱን እየበላው በዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሲመጡ የሚፈልጉት ነገር በእናቷ ዘር እንዳለ ከነሱ ቀድማ ታውቅ ነበር። ክረምቱን ከተራራ ወርደው የሚሰፍሩ እረኞች ነበሩ፤ የደጋ ሰው ወባም ማጭድም አያውቅም። ከነሱ መካከል የቫሶን ቁመት የምታክል ልጅ መርጣ፣ ለእናቷ አንድ ጆንያ ዱቄት ሰጥታ፣ ወረፋው ላይ አቆመቻት። "ስምሽ ማን ነው ሲሉሽ ቫሶ በይ።" እውነተኛዋን ቫሶ ደግሞ ቤት አስቀምጣ ጣቷን በልብስ መስፊያ መርፌ ወጋች፤ ጠብታዋን በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ተቀብላ "እኔ አደርስልሻለሁ" አለቻት። ጠርሙሱን ምድጃ ውስጥ ደፋችው።

ኮስማስ ሽማግሌ ሲልክ ልትናገር ነበር። ግን ባለ ቢጫው ባለ ነጭ አገኘ ብሎ መንደሩ ሁሉ ደስ አለው፤ እሷም የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ምናልባት ልጄ ንጹሕ ትሆናለች ብላ ራሷን ሸነገለች። ማሮ ተወለደች። በዓመቷ መዳፎቿ አበጡ። ፓጎና ባየቻቸው ጊዜ ወንድሟን አወቀችው። ያኔ ያያት ሐኪም "በዘራችሁ ማጭዱ አለ?" ብሎ ሲጠይቃት "የለም ጌታዬ፣ ልጄ እኮ ነጭ ናት" አለችው። እሱም የቁርጥማት ቅባት ጻፈ።

ማሮ ሲያማት አታለቅስም ነበር፤ ትነክሳለች። አባቷ ክንዱን ይሰጣታል፣ እሷም ሕመሙ እስኪያልፍ ጥርሷን ተክላ ትቆያለች። "ጎበዝ፣ የኔ ተኩላ፣ በርቺ!" ይላታል። አንድ ቀን ለቅቃው "አባዬ፣ ሥጋህ ትንባሆ ትንባሆ ይላል" ብላው ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የጥርሷ ጠባሳ አሁንም ክንዱ ላይ አለ። ቢላውን ሲስል ፓጎና የምታየው ያንን ጠባሳ ነው።

በዘጠነኛው ቀን የስንዴው ንፍሮ በስኳርና በሮማን ፍሬ ተሸልሞ መሐል ተቀመጠ። ቄሱ ባርከው ወጡ። ኮስማስ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ቢላው በእጁ ነው። ቫሶ አንድ ዐይኗ ተከድኖ ከንፍሮው አጠገብ ተቀምጣለች። ቀና ብላም አላየችው። ሴቶቹ ለመሄድ ነጠላ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ያኔ ፓጎና ጥቁር ሻሿን ፈትታ፣ ሽበቷን በትና፣ ሙሾ አወጣች። በዚያ አገር ሙሾ ያወጣችን ሴት ማንም አያቋርጣትም፤ ቄስም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን። ሴቶቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

"የተራራዋን ልጅ በዱቄት ገዝቼ፣
ደሟን አስቀዳሁት በቫሶ ስም ጠርቼ።

የወንድሜን ሕመም ባንቺ ላይ እያየሁ፣
ቁርጥማት ነው ብዬ አፌን ይዤ ቆየሁ።

ቢላህን መልሰው፣ ንጹሕ ናት ሚስትህ፣
ልጅህን የበላሁ እኔ ነኝ አማትህ።"

ተቀብሎ ያለቀሰ ሰው የለም። ስታማታ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። "ለክሪሱላ ንገሪያት፣ ቀለበቱን ትላክልን" ብላ ወጣች።

ቫሶ ጣቷን ታያለች። "ያ ደሜ የት ደረሰ?" አለች ቀስ ብላ።

"ምድጃ ውስጥ።"

ኮስማስ የሰው ድምፅ የማይመስል ድምፅ አውጥቶ ተወረወረ። ንፍሮው ተደፋ። ፓጎናን በተበተነው ፀጉሯ ጠቅልሎ ይዞ በደረጃው እየጎተተ ግቢ አወጣት፤ ጉልበቷ ድንጋዩ ላይ ተላጠ። አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምሞ ቢላውን አነሣ። ፓጎና ዐይኗን አልጨፈነችም። ይሁን አለች በሆዷ፤ ተገላገልኩ።

"ኮስማስ!" ቫሶ በሩ ላይ ቆማለች። "ቢላውን ለማን ነበር የሳልከው? እኔን ስትቀጠቅጠኝስ እሷ ነበረች እጅህን የያዘችው?"

እጁ አየር ላይ ቀረ።

"እሷ ልጄን ገደለችብኝ። አንተ ደግሞ እንዳላለቅስላት እንኳ ከለከልከኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለራሴ ስፈራ ልጄን አላለቀስኳትም! ሁለታችሁም ውጡልኝ።"

በሩን ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ፤ ከዚያ ከውስጥ የቫሶ ለቅሶ ተነሣ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ኮስማስ የፓጎናን ፀጉር ለቀቀ። ቢላውን የት እንደጣለው እሱም አላወቀም። የአልጋው ፍላጭ እንደተበተነ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከፊቱ ተንበረከከና አንዱን ከአንዱ እየለካ ይገጣጥም ጀመር። የአንዱን እግር ስባሪ ከሌላው፣ ጎኑን ከጎኑ። ራስጌው ላይ ሲደርስ እንቁራሪቷ አንድ እግር ጎደላት። እንጨቱን ሁሉ ገለባበጠ፤ የለም።

ፓጎና በአራት እግሯ እየዳኸች ከዶሮዎቹ ገንዳ ሥር አገኘችው፤ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ስባሪ ነው። አምጥታ አጠገቡ አኖረችው። ኮስማስ አየው። አነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረባት፤ ግንባሯን ፈነከታት። ደሙ በቅንድቧ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

 ከዚያ ኮስማስ በጉልበቱ እየሄደ እግሯ ሥር የወደቀችውን ስባሪ ፈልጎ አነሣት፣ በሸሚዙ ጫፍ ደሙን ከስባሪዋ ላይ ጠረገ፣ ተመልሶም ከእንቁራሪቷ ጋር አጋጠማት።