ሸጊት የወፈረችበት ዓመት

ኢስሀቅ ሳዑዲ ውስጥ፣ ከደማም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የበግ እርባታ ብቻውን ይኖራል። አሠሪው፣ ካፊሉ፣ የሚመጣው መኖ ሲያልቅ ወይም በግ ሲሸጥ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሰው የለም። የወሎ ልጅ ነውና ጨዋታ ካላገኘ አይሆንለትም፤ ከበጎቹ ጋር ያወራል፣ ከሁሉም ይልቅ ሸጊት ከሚላት ጋር። ሸጊት ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል። አረፋ በደረሰ ቁጥር በግ የሚገዛው ነጋዴ ጀርባዋን ዳብሶ ይተዋታል። ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ እየቀረች አብራው ከርማለች።

ዘንድሮ ካፊሉ መሐመድሰዒድ የሚባል ሱዳናዊ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ። ሐኪሙ ድርቆሹን በእጁ ሰባብሮ አየው።

«የሞቃት አገር ሣር እንዲህ ነው፤ አገዳው ይጠነክራል። በጓ ስታመሰኳው ብትውልም ብዙው ሳይፈጭ ይወጣል» አለው፣ እንዲገባው አረብኛውን ቀስ አድርጎ። ከመኪናው ጀሪካን አወረደ። «ይሄ ኢንዛይም ነው። በውሃ በጥብጠህ ድርቆሹ ላይ ትረጫለህ፣ ትንሽ አቆይተህ ትሰጣቸዋለህ። አገዳውን እያላላ ጨጓራቸውን ያግዘዋል።»

በጎቹን ለሁለት ከፈሏቸው፤ ለአንዱ ጉረኖ የተረጨ፣ ለሌላው ያልተረጨ። ሸጊት ከየትኛውም አልገባችም።

«እሷ ለሙከራ አትሆንም፤ በጣም ከስታለች» አለ ሐኪሙ።

«ለብቻዋ ልርጭላት?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ርጭላት።»

ሳምንታት አለፉ። በተረጨበት ጉረኖ ገንዳው ውስጥ የሚተርፈው አገዳ እያነሰ ሄደ፤ በሌላው እንደበፊቱ ይከመራል። ተአምር አልነበረም፤ በየቀኑ ለሚያይ ሰው ግን ያስታውቃል። ሸጊትም መጀመሪያ ቅጠሉን፣ በኋላ አገዳውንም መብላት ጀመረች። ጎኗ ሞላ። ኢስሀቅ ደስ ብሎት ኾበር ከተማ፣ ዐዚዚያ ሰፈር፣ ሰው ቤት ለምትሠራው እህቱ ለነኢማ እየደወለ ይነግራት ነበር።

አረፋ ሲቃረብ ነጋዴው መጣ። የሸጊትን ጀርባ ዳበሰ፤ እንደገና ዳበሰና እወስዳታለሁ በሚል ለካፊሉ ራሱን ነቀነቀለት።

«ይቺ ትቅር፤ ትወልድልሃለች» አለ ኢስሀቅ።

«አርጅታለች። ኸላስ፣ በቃ፣ ጫናት» አለው ካፊሉ።

እምቢ ብላ ብትታገለው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ሲጠራት ተከትላው መጣች፤ መኪናው ላይ ያወጣትም እሱ ራሱ ነው። ሐኪሙ ደውሎ ሙከራው እንደተሳካ ነገረው፣ አመሰገነውም። ኢስሀቅ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ጉረኖው ውስጥ ሲሠራ ድምፅ ማውጣት ተወ።

ጁምዓ ዕለት ታክሲ ይዞ ኾበር ሄደ። ነኢማ ቆሻሻ ልጣል ብላ ወጣችለት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እታለም። ሸጊትን ሸጧት። ያወፈርኳት እኔ ነኝ።»

አልሳቀችበትም። «ተርባ ብትቀመጥልህ ይሻልህ ነበር?»

አጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ነኢማ ልጆቹንም ማዳሟንም በአረብኛ ስታናግር እየዋለች አንዳንዴ አማርኛው እንደሚጠፋት ነገረችው። ኢስሀቅ ይህን አያውቅም ነበር። በደወለ ቁጥር ስለ በግ ሲያወራ እሷን ጠይቋት አያውቅም።

«ስለ በግም ቢሆን አማርኛ መስማቱ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው።

ማዳሟ ከውስጥ ተጣራች። ነኢማ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።

«ጁምዓ ጁምዓ ና። አስፈቅዳታለሁ።»

«እሺ ካላለችስ?»

«ባትልም ና» አለችና ገባች።