የመብረቅ እጆች

መብረቅ ክሬም ወደምንሠራበት ክፍላችን ስትመጣ በሩን የገፋችው በክርኗ ነው። ሁለት እጇን ሻርፗ ውስጥ ጠቅልላለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ መብረቅ፣ ቢጉዲን ስትጠቀልል ጣቶቿ ከፍጥነታቸው ብዛት ለዓይን ስለማይታዩ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው፣ አሁን የገዛ እናቷም በዚሁ ትጠራታለች።

«እትዬ፣ አይክፋሽና ክሬምሽ አቃጠለኝ» አለችኝ።

ሻርፑን ፈታችው። የእጆቿ ጀርባ ቲማቲም መስሏል፤ በጣቶቿ መሃል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ደም አዝሏል። እናቴ ጥግ ተቀምጣ ብልቃጥ ላይ ወረቀት ስትለጥፍ ነበር። አየችና የያዘችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ለጠፈችው።

ወንበር ስቤላት «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት።

ነገረችኝ። ውሃውና ሻምፑው እጇን ስለሚያደርቀው ከአምስት ሳምንት በፊት ሽቶ የሌለበት አንድ ኪሎ ለብቻዋ ሠርቼላት ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ተስማማት። በሁለተኛው ማሳከክ ጀመረ። ደረቀ ብላ እየደራረበች ቀባችው፤ እንዳይጠረግም ጓንት አጥልቃ ዋለች። አሁን ደንበኞች «በዚህ እጅ ፀጉሬን አትነኪኝም» ማለት ጀምረዋል።

«አለቃዬ ሦስት ሳምንት ሰጥታኛለች» አለች። «ካልዳነ በር ላይ ታቆመኛለች፣ በቦታዬም ሌላ ሰው ትቀጥራለች። በር ላይ ቆሜ እንኳን ደህና መጣችሁ ልል ነው እንግዲህ። እኔ!»

«ጥርስሽ ያምራል፣ ይሆንልሻል» አለች እናቴ ልታስቃት። አልሳቀችም።

«ደግሞ ጥፍር የምትሠራዋ ልጅ ብልቃጡ ላይ ያለውን አንብባ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባ ነው አለችኝ። እውነት ነው እትዬ?»

«እውነትነት አለው» አልኳት። «ውሃም ራዲያተር ውስጥ ይገባል።»

ከዚያ የማውቀውን ነገርኳት። የማውቀውም መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታትና ከዚያ በኋላ ብቻዬን በማንበብ የለቀምኩት ነው። ክሬሙ እንዳይሻግት የምንጨምረው ዱቄት ውሃ ውስጥ ብትበትኚው ይንሳፈፋል፤ የሚያሟሟውና ከሌላው ጋር የሚያዋህደው ይህ ፈሳሽ ነው። እግረ መንገዱንም እርጥበት ቆዳ ላይ ያቆያል። ስሙ የሚቀራረብ ሌላ ግላይኮል አለ፤ እሱ መርዝ ነው፣ ሰዎች የሚያምታቱት ከሱ ጋር ነው። የኛው ግን በልኩ ከሆነ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ጥቂት ሰዎችን ቆዳቸው አይቀበለውም። ሲበዛ ደግሞ ማንንም ያቃጥላል።

«የኔ ልጅ ሰው ላይ መርዝ አትቀባም» አለች እናቴ ከጥጓ።

«እማማ፣ እኔ መቼ አልኩ? እጄ ነው ያለው።»

በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ሁሉንም አስቆመቻት፤ የታዘዘላትን ማስታገሻ ጨርሳ ከዚያ ተራ ቫዝሊን ብቻ እንድትቀባ ነገረቻት። «ወይ ማሟሚያው ግላይኮል ለቆዳሽ አይሆንም፣ ወይ በዝቶብሻል» አለቻት። «ሲያገግም እንፈትነዋለን። ለቆዳሽ የማይሆን ከሆነ ግን ግማሹ ሻምፑና ቅባት ውስጥ ስላለ ሳሎን ውስጥ መሥራቱ ይከብድሻል።»

መብረቅ ስንመለስ ሻርፗን እንደገና እጆቿ ላይ ጠቀለለች።

ቤት ስመለስ የቅመማ ደብተሬን አወጣሁ። ከመቶ አምስት እጅ ይላል። ለኪሎው አምሳ ግራም፣ ለትልቁ አምስት ኪሎ ሁለት መቶ አምሳ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ወረቀት ንጹሕ ሲሆን ሰው ይፈተናል፤ ደብተሩን ዘግቶ «የልጅቷ ቆዳ ነው» ማለት ቀላል ነው። ጥፋቱ የኔም ቢሆን እንዲያሳየኝ አምላኬን ለመንኩና ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። የማሟሚያው ጀሪካን አምስት ኪሎ የሚይዝ ነው፣ ለሃያ ትልልቅ ቅመማ ይበቃል። እኛ የሠራነው አሥራ አራት ነው፣ የመብረቅን ትንሿን ጨምሮ። አነሳሁት። ባዶ ነው።

አዲስ ጀሪካን ገዛሁና በነጋታው እንደወትሯችን ሥራ ጀመርን። እኔ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲህ ውሃና ሰም አሞቃለሁ። ሚዛኑ ከመጋረጃው ወዲያ ነው፣ የእናቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ዘይት በሊትር ስትሸጥ የኖረች ሴት ናትና ልኬት ላይ ማንንም አታስጠጋም። ማማሰያውን አስቀምጬ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ፈሳሹ ጆጉ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል። ቀጠነ፣ ቆመ። ጆጉን ከሚዛኑ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ኳ አለ። ከኳታው በኋላ እንደገና ሲፈስ ሰማሁ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። «እማዬ፣ ከሚዛን ካወረድሽው በኋላ ምን ጨመርሽ?»

«ምርቃቱን ነዋ።»

«የምን ምርቃት?»

«እንዴ! ሠላሳ ዓመት ስሸጥ ለአንድ ሰው ልክ ብቻ ሰፍሬ አላውቅም። ሚዛኑ የሚለውን ሰጥተሽ እጅሽን መሰብሰብ ያሳፍራል። ትንሽ ጠብ ማድረግ ነው እንጂ፣ ሰውም ይደሰታል።»

«ስንት ይሆናል?»

«በግምት ነዋ። ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው።»

«ለመብረቅስ?»

«ለእሷማ ደህና አድርጌ ነው የጨመርኩላት» አለች፤ ፊቷ በራ። «እወዳታለሁ እኮ።»

ጆጉን መልሼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ቁጥሩን አየችው። ትልቁ ቅመማ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ብዙም አይሰማ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ላይ ግን ልኩን ከሦስት እጥፍ በላይ አድርጎታል። እሱ ተደራርቦ ተቀብቶ፣ በጓንት ታፍኖ ይውላል። ረጋ ብዬ አስረዳኋት። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች።

«ያቃጠልኳት እኔ ነኛ» አለች።

«ሁለታችን ነን። አንቺ የሰፈርሽውን መልሼ መመዘን ነበረብኝ። እናቴ ላይ ሚዛን ማንሣት አፍሬ ነው የተውኩት።»

ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ከዚያ «ሰው እናቱን ሲያፍር እንዲህ ነው፣ የሰው ልጅ ይቃጠላል» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ተከተልኳት።

ቤቷ ስንደርስ መብረቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቫዝሊን የተቀቡ መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣለች። እናቴ ደረጃው አድክሟት ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ሳትቀመጥ፣ ምንም ሳታስተርፍ ነገረቻት። ግማሽ ብርጭቆውንም፣ ደህና አድርጋ መጨመሯንም።

መብረቅ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ እሷን። «እማማ፣ ከፍቅር ብዛት ነው ያቃጠሉኝ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«የሚጠሉኝ ሰዎች እንኳን እንዲህ አላደረጉኝም እኮ።» ሳቀች፤ እጇን ስትጨብጥ ስንጥቁ አሟት መልሳ ዘረጋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ግን ምክንያቱ ብዛቱ ብቻ ከሆነ ደስ ይለኛል። ምናለ እሱ በሆነ።»

ያ ሳምንት የመልቀም ሳምንት ነበር። ሱቆች ዞሬ ክሬሞቻችንን በሙሉ ሰበሰብኩ። ማንም አላማረረም፤ ቢሆንም ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት አምስት እጅ ነውና ያልሆነውን ነው ብዬ መተው አልሆነልኝም። አዲሱን ስንሠራ እናቴ ሰፈረች፣ እኔ መልሼ መዘንኩ። ስመዝን ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ግን ጆጉን ራሷ ገፋ አደረገችልኝ፤ «መዝኚው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ምርቃቷንም አልተወችም፣ ቦታ ቀየረችለት። ያለቀለት ክሬም ብልቃጥ ሞልቶ ሳለ በማንኪያ ትጨምርበታለች፤ ሲከደን በጎን ይወጣል። እሱን አልከለከልኳትም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የመብረቅ እጅ ቀለሙ ተመለሰ። ሐኪሟ ጀርባዋ ላይ ትንንሽ ፕላስተሮች ለጠፈችባት፤ አንዱ ማሟሚያው ብቻውን በልኩ፣ አንዱ አዲሱ ክሬማችን። ሁለት ቀን ጀርባዋን ሳታጥብ፣ ግድግዳ ሳትደገፍ ከረመች። ሲነሣላት እኔም ነበርኩ። የፕላስተሩ ምልክት አለ፣ ሌላ የለም። ሐኪሟ ግን ቶሎ አልለቀቀቻትም፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ነው የሚቀላው ብላ ከሁለት ቀን በኋላ ድጋሚ አየቻት። አሁንም የለም።

«ማሟሚያው ጠላትሽ አይደለም» አለቻት። «ብዛቱና ጓንቱ ናቸው። ጓንት ስታጠልቂ እጅሽ ደረቅ ይሁን፣ ክሬሙን ሥራ ስትጨርሺ ተቀቢው።» ወደኔም ዞረች። «ሌላ ሰው ግን እንደሷ ዕድለኛ ላይሆን ይችላል።» ስለዚህ ብልቃጡ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ መጀመሪያ ክንድዎ ላይ ጥቂት ቀብተው ለጥቂት ቀናት ይዩት።

አለቃዋ የሰጠቻት ሦስት ሳምንት ሲሞላ እናቴ ጠዋት ተነሥታ ለበሰች። «መብረቅ የምትፈተንበት ጭንቅላት ያስፈልጋታል» አለች። «የኔ ይሁን።»

የሳሎኑ አለቃ እጇን አጣምራ መስተዋቱ አጠገብ ቆማ ነበር። «እማማ፣ ምን ዓይነት እንሥራልዎት?»

«ልጅቷ ሥራዋን የማታጣበት ዓይነት» አለች እናቴ፣ ወንበሩ ላይ እየተደላደለች።

አለቃዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ይሁን ሌላ እንጃ። መብረቅ አጠበቻት። የእናቴ ፀጉር ሳስቷል፣ ነጭ ነው፤ ቢጉዲኑ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረ። ጣቶቿ መጀመሪያ ፈሩ፣ ከዚያ ረሱት። እኔ ቢጉዲኖቹን እየቆጠርኩ ነበር፣ አሥራ ሁለት ላይ ጠፋብኝ።

እናቴ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደገባች አለቃዋ የመብረቅን እጅ ያዘች። ገለበጠችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ከውሃው በኋላም አልቀላም። አውራ ጣቷ ላይ አንድ ቀጭን ስንጥቅ አለች። እሷን በጥፍሯ ጫፍ ነካ አድርጋ «ይቺስ?» አለቻት።

«እየዘጋች ነው።»

አለቃዋ እጇን ለቀቀችና ወረፋ ወደሚጠብቁት ዞረች። «ቀጣይዋ ወደ መብረቅ ትሂድ።»

ካስኩ ይጮሃል። እናቴ ከሥሩ አንገቷን አውጥታ ሳሎኑን በሚያናጋ ድምፅ ጠየቀችኝ፦ «ምን አለች?»

ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። «ተመስገን» አለችና አንገቷን ወደ ሙቀቱ መለሰች።