ጫካ ውስጥ የቀሩት ምልክቶች

“ሳቁ እኮ! በለቅሶ ቤት ጥርሳቸውን ያሳያሉ!” የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ የሻይ ብርጭቆውን ማድ ቤት ትሪው ላይ ጓ አድርገው አስቀመጡት።

ሳሎን ውስጥ የሚስቁት የክለቡ ሰዎች ናቸው፤ ካርታና ኮምፓስ ይዘው ጫካ ለጫካ ምልክት እየፈለጉ የሚሮጡት። የሟቹን ሚስት፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ በየእሁዱ ባሏን ሲቀሟት የኖሩት እነሱ ነበሩ። ገና ከመቀመጡ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ካላረጋገጠ ወሬ አይጀምርም ብለው “ሰሜን” የሚል ስም ያወጡለትም እነሱው ናቸው።

“ጫካ ውስጥ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም” ይላል ፋርማሲስቱ፣ የክለቡ ሊቀመንበር። “ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ግን ክፍል ተሳስቶ፣ የማያውቁት ሰውዬ አልጋ አጠገብ ቁጭ! ብርቱካኑን ልጦ አጉርሷቸው፣ ሲጫወት ውሎ ተመለሰ።”

“ብርቱካኑን የገዛሁት እኔ ነኝ” አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ፤ ሳቋ አመለጣት።

እትዬ ክንዷን ይዘው ወደ ማድ ቤት መለሷት። “ወንድሜን ጫካ በላው። እነዚህ ናቸው የወሰዱት። አንቺ ደግሞ አብረሽ ትስቂያለሽ?”

ሚስትየው ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። እሷንስ ከሰሜን ጋር ያገናኛት ያው ጫካ አይደል? ጓደኛዋ ጎትታ ወደ ውድድር የወሰደቻት ቀን መንገዱ ቢጠፋባት፣ ካርታዋን ጨምድዳ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው እየሮጠ መጣና ቆመ።

“ጠፋሽ እንዴ?”

“እኔማ እዚሁ አለሁ። የጠፋው መንገዱ ነው።”

ከት ብሎ ሳቀና አጠገቧ ዘጭ አለ። ሲመራ የነበረው ሰው ጭራ ሆኖ፣ ከእሷ ጋር እያወጋ ወጣ። ክለቡ እስከ ዛሬ ይቀልድበታል።

ፋርማሲስቱ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ማድ ቤቱ በር ላይ መጣ። “ይቅርታ፤ ምልክቶቹ ጫካው ውስጥ እንደተሰቀሉ ናቸው። ሰሜን ሰቅሎ ጨርሶ ነበር... ከዚያ ነው ልቡ... የእሁዱን ውድድር ሰርዘነዋል። ነገ ገብተን ልናወርዳቸው ነው፤ ሳንነግርሽ ማውረዱ ከበደን።”

“ስታገኘው እንዴት ነበር?” አለችው። እስካሁን ማንንም አልጠየቀችም።

“ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ጃኬቱን አጣጥፎ አጠገቡ አስቀምጧል። ያረፈ መስሎኝ በስሙ እንኳ ጠራሁት።”

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“አታውርዷቸው” አለች ሚስትየው። “ለዚህ ውድድር ሲል ሳህኔን ሁሉ ከገበታ እያነሳ ካርታ ሲዘረጋ ነው የከረመው። ማንም ሳይሮጥበት ሊወርድ?”

“ሰው ምን ይላል?” አሉ እትዬ።

“ሰውማ ይበል፣ እትዬ።”

እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ። “እንግዲያው እኔንም ይዘሽኝ ሂጂ። የተቀመጠበትን ልየው።”

እሁድ ጠዋት ሯጮቹ በየተራ ከጫካው ወጡ፤ እግራቸው ተቧጭሯል፣ ሱሪያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከክለቡ አንዱ፣ ታክሲ ነጂው፣ መድረሻው ላይ ተዘርሮ “ይሄ ሰውዬ ሞቶም አላስቀመጠን!” ብሎ ጮኸ። “ገደል አፋፍ ላይ ምልክት ይሰቀላል?” ያማርሩ እንጂ ዓይናቸው እየሳቀ ነው። ሚስትየው ምግብ ሠርታ የተወደሰላት ያህል ደስ አላት።

ፋርማሲስቱ ሁለቱን ሴቶች ቀስ እያለ ወደ ዛፉ ወሰዳቸው። እትዬ ግንዱን ዳሰሱ። ወንድማቸው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጡና ቅጠሎቹን ሽቅብ አዩ።

“ጥላ አለው” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ “ነፋሻ ነው።”

ሚስትየው አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሩቅ የሯጮች ድምፅ ይሰማል። አንዱ ያገኘውን ምልክት ለሌላው ላለመናገር ይከራከራል። የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ ሁለቱም አላለቀሱም።

ሲመለሱ እትዬ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አረፉና ጎትተው አቆሟት። የጥቁር ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ጭጎጎት ተለጣጥፎበታል። እንደ ልጅ ልብስ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ይለቅሙላት ጀመር። አንዲት ብቻ ስትቀር ሚስትየው እጃቸውን ያዘቻቸው።

“ይቺ ትቆይ፣ እትዬ።”

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ያቺን ጭጎጎት እንዳትወድቅ በአውራ ጣታቸው ጨርቁ ላይ ጫን አደረጓት።