ከማዶ ያየ ሰው

ውበቱ ወደ ሱቃችን ሲገባ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሌንስ እየሞረድኩ ነበር። ድምፁን ዐወቅሁት። ብናኝ ዐይኔ ውስጥ እንዳይገባ የማደርገውን ሰፊ መነጽር ግንባሬ ላይ ሰቅዬ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ራሱ ነው።

ይህ ሰው የአባቴን ስም ያጠፋ ጎረቤታችን ነው። «አማረ የድንበሩን ድንጋይ ሲነቅል ከወንዙ ማዶ፣ ከደጄ ቆሜ በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማርያም ደጅ ማለ። ሽማግሌዎቹ መሐላውን አምነው ከእርሻችን ቆርሰው ሰጡት። መሬቱስ ይቅር። ከዚያ ወዲህ አባቴ በሉማሜ ዙሪያ ስሙ «ድንበር ገፊ» ሆነ። ከማኅበር ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄድ ከሰው ኋላ፣ ግንቡን ተጠግቶ ይቆማል። እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ያን ስድብ ላለመስማት ነው።

ዐይን የምትለካው የሱቁ ባለቤት፣ እትዬ ሥራነሽ፣ ውበቱን ባለ ሦስት እግር ምልክቶች ከተደረደሩበት ሰሌዳ ፊት አስቀመጠችው።

«የምልክቱ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

«የቱ ምልክት?»

ትልቁን እንኳ አላየውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ከልጅነቴ ነው፣ የኔ እመቤት። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወጣ፣ ሰው እልል ሲል ነው እኔም እልል የምለው» ብሎ ሳቀ። «አሁን ባጃጅ ሊድጠኝ ሲል ልጄ በግድ ላከችኝ እንጂ።»

የያዝኩትን ሌንስ አስቀምጬ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አስጠጋሁ።

የታዘዘለት ሌንስ ጠርዙ ወፍራም ነበር። መሐሉን ከቦታው አዛንፌ ብሞርደው ራሱን ሲያመው ይኖራል። አስቤዋለሁ። ግን ራስ ምታት ለእሱ ምኑ ነው? አጥርቶ እንዲያይ ፈለግሁ። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት መነጽር የለም።

ፍርዱን የመሩት ቄስ ወልደ ሰንበት ነበሩ። የማንበቢያ መነጽራቸው እጀታ ላልቶ በክር ያስሩታል። በገበያ ቀን ብቅ ቢሉ እንደማጠብቅላቸው ላክሁባቸው። ውበቱንም ለዚያው ቀን ቀጠርኩት።

ቄሱ ጥግ ካለው ወንበር ተቀምጠው ሳለ ውበቱ መጣ። ማንንም አልለየም። መነጽሩን ጆሮው ላይ አስተካክዬ በሩ ላይ አቆምኩት።

«ወይ ጉድ! የዚያች ሴትዮ ጥርሷ ሳይቀር ይታያል! ዛፉስ... ከሩቅም ቅጠል አለው እንዴ?»

ሰው ፊት መናገር ያንቀጠቅጠኛል። ቢሆንም፣ «ያለ መነጽር ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ይለዩት ነበር፣ አባባ?» አልኩት።

«እንኳን ልለየው! ሰው ይሁን ግንድ በምን ዐውቄ!»

«ከወንዝ ማዶስ፣ ውበቱ?» አሉ ቄሱ ከጥግ።

ዞረ። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። መልኬ ቁርጥ አባቴን ነው። መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን ሲሰድ ያዝኩት።

«ይልመዱት እንጂ፣ አባባ።»

«አባ፣ እኔ እኮ ያኔ...»

«ለእኔ አትንገረኝ» አሉት ቄሱ። «እሑድ፣ ከማልክበት ቦታ ቆመህ ለሕዝቡ ትናገራለህ። መነጽርህን አድርገህ ና።»

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ከደጁ አልተበተነም። ቄሱ አባቴን ጠርተው ከፊት አቆሙት። ውበቱ አንገቱን ደፍቶ ማጉተምተም ጀመረ።

«ቀና በል» አለው አባቴ። «እኔን እያየህ ተናገር።»

ቀና አለ። «አማረ ድንጋይ ሲነቅል አላየሁም። በሐሰት ነው የማልኩት። መሬቱንም እመልሳለሁ።»

ድምፁ የሕመምተኛ ድምፅ ነበር። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዳንዱ ጭራሽ ያዝንለት ጀመር። ይሄኔ አንገበገበኝ። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን ከግንቡ ሥር ሲቆም ማን ከንፈር መጠጠለት?

በሕይወቴ ሰው መሐል ጮኼ አላውቅም።

«ከኋላ አልተሰማም!» ብዬ ከግንቡ ሥር ጮኽኩ።

ሁሉም ዞረ። ውበቱም ያን ሁሉ ሰው አሻግሮ አየኝ።

«ድገመው» አሉት ቄሱ።

ደገመው። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ገና አልረካሁም ነበር።

«አሁንም አልተሰማም!» አልኩ።