ቀዩ መብራትና ያሲን

ያሲንን ድሮም አልወደውም። ዓሲያን ለማግባት ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከ ሰው ነው። አባቷ ሸህ አደም እሱን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነን፤ እሱም ሐሊሜን አግብቶ ሦስት ወልዷል። ታዲያ ሰቆጣ ውስጥ መኪና የሚጠግነው እሱ ብቻ ነው፤ አሮጌ ላንድሮቨር ያለኝ ደግሞ እኔ ነኝ።

በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ከአምደወርቅ መልእክተኛ መጣ። ሸህ አደም በጠና ታመዋል፤ ወንድ ልጅ የላቸውም፤ «ሸምሱና ዓሲያ ቶሎ ይድረሱልኝ» ብለዋል። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍምና ቀበሌ ሮጬ አስጻፍኩ። የሁለታችንም ስም በአንድ ወረቀት ሰፈረ። ተመልሼ መኪናዬን ግቢ ውስጥ ሳስነሳ ዘይት ሲጎድል የሚበራው ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። የሞተሩም ድምፅ ደኅና ነው። የዘይቱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቼ አጥቤ መለስኩ። መብራቱ እንደበራ ነው። ዓሲያ ስንቋን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«የመብራቱ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቶ እንዳይሆን» አለች።

ቀና አልኩ። «ማን አስተማረሽ?»

«ያሲን የጎረቤታችንን የዘበነን ፒካፕ ሲሠራ እንዲህ ሲል ሰምቼ ነው። ሱቃችን በር ላይ አይደል የሠራው?»

ሱቃችን በር ላይ! እኔ የት ሄጄ? እሷስ ስንት ሰዓት ቆማ ሰማችው? 

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አልኳት።

«ታዲያ አንዴ ብታየው ምን አለበት?»

ምን እንዳለበት እኔ አውቃለሁ። ተልጦ ቢገኝ ዕድሜ ልኳን «ያሲን እንዳለው» ስትል ልሰማ ነው! ሽቦውን ሳልነካ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ በባልዲ አፈሰስኩት። ከዚያ ዘይቱን የሚገፋውን ፖምፓ ልፈታ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ አዘነበለች።

ከሥር እንዳለሁ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ለካ ዓሲያ ሐሊሜ ዘንድ ሰው ልካ ኖሯል። ያሲን የዘበነን ፒካፕ ለምኖ፣ የራሱንና የሚስቱን ይለፍ አስጽፎ መጥቷል። ሐሊሜ ከፊት ተቀምጣለች።

«ሸምሱ፣ አንተም ና እንጂ፤ ከኋላ ቦታ አለ» አለኝ ያሲን።

ከኋላ! ሚስቴ ከፊት ከእሱ ጋር፣ እኔ እንደ ፍየል ከኋላ! «የራሴ መኪና አለኝ» አልኩት።

ዓሲያ ክንዴን ይዛ ለመነችኝ። «አባቴ ናቸው እኮ! የጠሩት ሁለታችንን ነው።»

«ሂጂ!» አልኳት። የይለፍ ወረቀታችንን እንደያዘች ሄደች።

አቧራቸው ሳይበተን ሽቦውን አየሁት። ተልጧል። በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ያፈሰስኩትንም ዘይት አጥልዬ መለስኩ። ሞተሩን ሳስነሳ መብራቱ ጠፋ። እየበረርኩ ኬላው ጋ ስደርስ «ወረቀትህስ?» አሉኝ። ተመልሼ ብሄድ ቀበሌው ተዘግቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ አዲስ ወረቀት አስጽፌ አምደወርቅ ስገባ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ሸህ አደም ንጋት ላይ አርፈዋል። በእኛ ዘንድ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የሟቹን ጀናዛ የሚቀበለው ልጅ ነው፤ ልጅ ከሌለ አማች። «አማቹ የታለ?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። የሚመልስ ሲጠፋ ያሲን ወረደ።

ደጃፉ ላይ አገኘሁት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ነው። «አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ዓሲያ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ለእሱ እጁን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለት። ቀናሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያችም ሰዓት ቀናሁ። ያ አፈር የእኔ ነበር።