ነባር በሽታ

እናቴ ሐዋ «አመመኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ትኩሳት እያንቀጠቀጣት እንኳ እንዴት አደርሽ ስትባል መልሷ «አልሀምዱሊላህ» ነው። ሕመምን መዘርዘር እሷ ዘንድ አላህን ማማረር ነው። ጎረቤት ሁሉ የሚያመሰግንላት ይኼ አመሏ በ2005 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ፣ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ቁጭ ባልንበት ጉድ አፈላ።

ካናዳ ያለችው እህቴ ቢልቂስ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነበር። የሚያርሳት ዘመድ ስለሌላት እናታችንን ለስድስት ወር ጠራቻት፤ ቪዛውም ወጣ። ቢልቂስ በስልክ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ ስለ ሕክምና ኢንሹራንሱ ነው። እዚያ አገር እንግዳ ያለ ኢንሹራንስ ከታመመ ወጪው ቤት ያስሸጣል ብላኛለች። እኔም ኮምቦልቻ ያለውን የመለዋወጫ ሱቄን ዘግቼ፣ እናቴን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቷ ይዣት ሄድኩ።

ትህትና የምትባል የቢሮው ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ውል እንዳለ በትዕግሥት አስረዳችን። ርካሹ አደጋንና አዲስ የሚነሳ በሽታን ብቻ ይሸፍናል። ውዱ ነባር በሽታንም ይጨምራል፤ ግን የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። ከዚያ ፎርሙን ይዛ እናቴን ትጠይቅ ጀመር። ስኳር አለብዎት? «አልሀምዱሊላህ።» ደም ግፊትስ? የልብ በሽታስ? «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» ልጅቷም በየመስመሩ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

እናቴ የልብ ኪኒን መዋጥ ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። የምገዛላትም እኔ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እናትን በሰው ፊት «ዋሽተሻል» እንዴት ይሏታል? ይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ ለማስረጃው ስንመላለስ በረራው እንዳያልፈን መስጋቴም ነበረበት። ርካሹን መረጥን። እሷ አሻራዋን አሳረፈች፤ እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

በነጋታው በመኪናዬ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ለዙሁር ሶላት መንገድ ላይ ቆምን። ነገሩ እረፍት ነስቶኝ ስለነበር፣ እንመለስና ፎርሙን እናስተካክል አልኳት። ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አብሽር፣ ልጄ ሀፊዝ። ሐኪሙ እንኳን አውሮፕላን፣ ዳገትም እንዳትወጪ ብሎኛል። ወረቀት ጻፍልኝ ካልኩት ያስቀረኛል። ልጄን በሰው አገር ብቻዋን ምጥ ሲይዛት እኔ ሆጤ ልቀመጥ?»

ሐኪሙ እንዲህ ማለቱን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ መኪናውን ማዞር ነበረብኝ። አላዞርኩም።

ሕፃኗ በተወለደች በአምስተኛው ሳምንት ቢልቂስ ደወለች። እናታችን ተዝለፍልፋ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች፤ አትናገርም። ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ጥያቄ አለው አለችኝ።

«እማ ፊትም ልቧን ያማት ነበር እንዴ? ታውቅ ነበር?»

አውቃለሁ ካልኩ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን በዕድሜዬ በሐሰት ምዬ አላውቅም ነበር።

«ወላሂ፣ አላውቅም» አልኳት።

መሐላዬ ለምንም አልጠቀመም። ሐኪሞቹ ልቧን አይተው በሽታው የቆየ ነው ብለው ጻፉ፤ ኢንሹራንሱም አልከፈለም። እናቴ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። እዚያው ተቀበረች።

ቢልቂስን የሚያቃጥላት ገንዘቡ አይደለም። «ከእኔስ ትደብቅ፤ አጠገቧ ከምትኖረው ከአንተ እንዴት ትደብቃለች?» ትለኛለች፣ በደወለች ቁጥር። እናታችንን ይቅር ማለት አቅቷታል። እኔም ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ ስልኩን አነሳለሁ፤ ስለ ሕፃኗ ጠይቄ እዘጋለሁ።