በየጠዋቱ ሰባ ሁለት

ነርሷ የሽማግሌውን የእጅ አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች የልብ ምቱን ቆጠረች። አሮጊቷ ሚስቱም ሌላውን እጁን ይዛ በሆዷ አብራ መቁጠር ጀምራ ሃያ ላይ ጠፋባት።

«አርባ ስድስት» አለች ነርሷ። «አምስት ደቂቃ አርፈዋል አይደል፣ ጋሼ?»

«አርባ ዓመት ቆሜ ጸጉር ስቆርጥ ኖሬ፣ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ያቅተኛል?»

ሰፈሩ «ምላጭ» የሚለው ለሙያው ብቻ አልነበረም፤ ለምላሱም ጭምር ነው።

ሐኪሙ አሮጊቷ ያመጣችውን ደብተር ገለጠ። የልብ ምት የሚያረጋጋውን ክኒን ካዘዘለት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት እየቆጠረች እንድትጽፍ አደራ ያላት አሮጊቷን ነበር። «ከስልሳ እስከ መቶ ደህና ነው። ከስልሳ ወርዶ ካዞረው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ» ብሏት ነበር።

«ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ አንድ...» እያለ አነበበ። «ዛሬ አርባ ስድስት። ያዞርዎታል?»

«ትናንት ከአልጋ ስነሳ ግድግዳው ሊወድቅ ነበር። ደግነቱ እኔ ደገፍኩት።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «እስከ ትናንት ደህና ከነበረ ጥፋቱ የክኒኑ ላይሆን ይችላል። ሆስፒታል ተኝተው ይመርመሩ። ክኒኑን ለጊዜው እንቀጥል።»

አሮጊቷ ግን ክኒኑን በጀመረ በአራተኛው ቀን ሃምሳ ቆጥራ ነበር። ደገመችው፤ ሃምሳ አንድ። የባሏ ታላቅ ወንድም ሆስፒታል ገብቶ በእግሩ አልወጣም። እስክሪብቶውን አንስታ ሰባ ሁለት ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱ ላይ ደህና ከሆነ እሱም ደህና የሚሆን ይመስል። ከዚያ ወዲያ ውሸቱ ቀለላት። አልፎ አልፎም እውነት እንዲመስል ሰባ አንድ ታደርገዋለች።

«እማማ፣ መቁጠር ያስቸግራል» አለ ሐኪሙ ለስለስ ብሎ። «ተሳስተው ይሆን?»

«ተዋት፣ ዶክተር» አለ ባሏ ቀደም ብሎ። «ዓይኗ ደክሟል። እኔንም ያገባችኝ ሳታይ ነው።»

አዎ ብትል ማንም አይወቅሳትም። የባሏን ፊት አየችው፤ ሊከላከልላት ሲል ግንባሩን አልቦታል።

«አልተሳሳትኩም» አለች። «በደንብ ነው የቆጠርኩት። ደብተሩ ላይ ያለውን ይተዉት። በአራተኛው ቀን ሃምሳ፣ በማግስቱም ሃምሳ፣ ከዚያ አርባ ዘጠኝ... ልንገርዎትና ይጻፉት።»